የጉሲንግ ምድጃ፦ ማሽኑ እየሠራ የተዘጋው የኃይል ጣቢያ

በ2012 አርኖልድ ሽዋርዘኔገር አንዲት ትንሽ የኦስትሪያ ከተማ ድረስ ሄዶ ነበር። አዎ፣ ራሱ ተርሚኔተሩ። ያኔ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥነቱን ከለቀቀ አንድ ዓመት አልፎታል፤ የሄደውም ፊልም ሊሠራ አይደለም። ከተማዋ ከእንጨትና ከሌሎች ታዳሽ ምንጮች የራሷን ኃይል ታመነጫለች የሚለው ዝና ከአትላንቲክ ማዶ ደርሶ ስለነበር ነው።

ከተማዋ ጉሲንግ ትባላለች፤ ነዋሪዎቿ 4,000 አይሞሉም። ስሟን ካስጠሩት ነገሮች ዋነኛው በ2001 የተተከለ፣ ከእንጨት ኤሌክትሪክንም ሙቀትንም በአንድ ጊዜ የሚያመርት ጣቢያ ነበር። መሐንዲሶች፣ ከንቲባዎች፣ ጋዜጠኞች ከየአገሩ እየመጡ ጎብኝተውታል። ሽዋርዘኔገር ከሄደ ከአራት ዓመት በኋላ ግን፣ በ2016፣ ጣቢያው ተዘጋ። አልፈነዳም፣ አልተቃጠለም። ማሽኑ ይሠራ ነበር እኮ!

እኛ ምህንድስና የተማርን ሰዎች «ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አብዝተን እንወዳለን። የጉሲንግ ታሪክ የሚስበኝ የዚህ ጥያቄ መልስ «አዎ፣ በደንብ» ሆኖ ሳለ ነገሩ እዚያ ላይ ስላላበቃ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የድንበሯ ከተማ

ጉሲንግ ያለችው በደቡብ ቡርገንላንድ፣ ከሃንጋሪ ድንበር አጠገብ ነው። ዛሬ ያ ድንበር በመኪና ሽው ተብሎ ይታለፋል። እስከ 1989 ድረስ ግን አውሮፓን ለሁለት የከፈለው «የብረት መጋረጃ» ነበር፦ ሽቦ፣ ማማ፣ ወታደር። ከሽቦው ወዲህ ያለች ከተማ መንገዷ የትም አያደርስም። ባቡር የለም፣ ፈጣን አውራ ጎዳና የለም። ፋብሪካ ማን ይተክልባታል? ስለዚህ ጉልበት ያለው ሰው ሰኞ ማለዳ ወደ ቪየና ወይም ወደ ግራትስ ለሥራ ይሄዳል፣ ዓርብ ማታ ይመለሳል። ከተማዋ በሳምንቱ መካከል የሽማግሌና የሕፃናት ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል። ቡርገንላንድ በጠቅላላው ከኦስትሪያ ክፍለ ግዛቶች ድሃው ነበር።

ድሃም ሆነ ሀብታም፣ ክረምት አይቀርም። እዚያ ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፤ ውኃ የሚያረጋ ብርድ ነው። ቤት ካልሞቀ አይኖርበትም። ማሞቂያው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዘይትና ጋዝ ይነድዳል። በ1990ዎቹ መባቻ የከተማው ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያሰሉ፣ ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ የሚከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ በሚሊዮን እየተቆጠረ ከአካባቢው ይወጣል። የሚወጣው ከየት ነው? ወጣቶቿ ቪየና ላይ ሠርተው ዓርብ ማታ ይዘውት ከሚመጡት ደመወዝ። በሌላ በኩል፣ የአካባቢው መሬት ግማሽ የሚጠጋው ደን ነው፤ ከደኑ የሚወጣው ቅርንጫፍና ለጣውላ የማይሆን ግንድ መሬት ላይ ይበሰብሳል።

ነገሩን የገፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከንቲባው ፔተር ቫዳስና የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ራይንሃርድ ኮኽ። የከተማው ምክር ቤት ከዘይትና ከድንጋይ ከሰል ቀስ በቀስ ለመላቀቅ የወሰነው በ1990 ነው። በዚያን ጊዜ ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንደ ዛሬው አይወራም፤ ሐሳቡ የኪስ ጉዳይ ነበር፦ ገንዘቡ እዚሁ ይቅር።

የመጀመሪያው እርምጃ ማሽን አልነበረም። የመንግሥት ሕንፃዎችን መስኮትና ግድግዳ ብርድ እንዳያስገቡ ማድረግ፣ አምፖል መቀየር፣ የማያስፈልገውን ማጥፋት። በዚህ ብቻ የሕንፃዎቹ የኃይል ወጪ ወደ ግማሽ ወረደ። ይህን ክፍል ጎብኚዎች ብዙም ፎቶ አያነሱትም፤ ለእኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ብልሁ ውሳኔ ይኸው ነው። ኦስትሪያ በ1995 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ቡርገንላንድ ለድሃ አካባቢዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ማግኘት ጀመረ። በ1996 ደግሞ በእንጨት የሚሠራ የከተማ ማሞቂያ ተከፈተ፦ አንድ ትልቅ ቦይለር ውኃ ያሞቃል፣ ሙቅ ውኃው ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ በየቤቱና በየሕንፃው ይዞራል፣ ሙቀቱን ሰጥቶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። እንደ ውኃ ቆጣሪ ሁሉ የሙቀት ቆጣሪም አለ።

ከአንድ እሳት ሁለት ሥራ

ሙቀቱ ተገኘ። ኤሌክትሪኩስ?

የእንጀራ ቀን ማድ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጋገራው አልቆ ምጣዱ ከወረደ በኋላ ጉልቻው መካከል ፍም ይቀራል። ፍሙን ዝም ብሎ የሚተወው የለም፤ ጀበና ይጣድበታል፣ ረመጡ ውስጥ ድንች ይቀበርበታል። እንጨቱ የተገዛው ለእንጀራ ነው፤ ቡናው የተፈላው ግን በነፃ ነው። ሙቀትና ኤሌክትሪክን በአንድ ላይ የሚያመርት ጣቢያ ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም።

ከሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ማንኛውም ሞተር ወይም ተርባይን የገባውን ሙቀት በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ አይችልም። ይህ የመሐንዲሱ ስንፍና ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የተወሰነው ሙቀት የግድ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መጣል አለበት። እንጨት አንድዶ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያመርት ጣቢያ ከአሥር እጅ ሰባቱን ያህል ወደ ሰማይ ወይም ወደ ወንዝ ይለቃል። ይህን የሚጣለውን ሙቀት ይዞ ወደ ከተማ ቧንቧ መላክ ከተቻለ ነገሩ ይገለበጣል። የጉሲንግ ጣቢያ በእንጨት መልክ 8 ሜጋ ዋት ይበላል፤ 2 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክና 4.5 ሜጋ ዋት ሙቀት ይሰጣል። የሚባክነው 1.5 ብቻ ነው። ወደ መቶኛ ስንለውጠው 81 በመቶ ይሆናል።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ሁሉም ጣቢያ እንዲህ አይደረግም? ኤሌክትሪክ በሽቦ መቶ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል፤ ሙቅ ውኃ ግን መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። ሙቀት ገዥ ጎረቤት ይፈልጋል። ጎረቤቱ ደግሞ በሐምሌ ቤቱን አያሞቅም፤ የአውሮፓ ሐምሌ ሞቃት ነው። ጉሲንግ ለዚህ ያገኘችው መፍትሔ ደስ ይላል። ርካሽና አስተማማኝ ሙቀት አለን ብላ የፓርኬት ወለል አምራቾችን ሳበች። ፓርኬት ከመሠራቱ በፊት እንጨቱ መድረቅ አለበት፤ ማድረቂያው በጋ ከክረምት ሙቀት ይፈልጋል። ከፋብሪካው የሚወጣው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ደግሞ ተመልሶ ማገዶ ይሆናል።

ጭሱን መያዝ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ጉሲንግ በመላው ዓለም የታወቀችው እንጨት በማቃጠሏ አይደለም፤ እሱንማ ሁሉም ያደርገዋል። የታወቀችው እንጨቱን መጀመሪያ ወደ ጋዝ በመለወጧ ነው።

ማገዶ ሲነድ ልብ ብላችሁ እዩት። ነበልባሉ እንጨቱ ላይ አልተለጠፈም፤ ትንሽ ከፍ ብሎ አየር ላይ ነው ያለው። የሚነደው እንጨቱ ራሱ ሳይሆን እንጨቱ ሲሞቅ የሚተነፍሰው ጋዝ ስለሆነ ነው። ከሰል አክሳዮች አፈር አልብሰው እንጨት ሲያከስሉ የሚወጣው ያ ወፍራም ጭስ ውስጥ ሳይነድ የሚባክን ብዙ ኃይል አለ። ጋዙን መያዝ ከተቻለ በቀጥታ ሞተር ውስጥ ሊነድ ይችላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚን ሲጠፋ በአውሮፓ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ጀርባቸው ላይ ምድጃ ጭነው በእንጨት ጋዝ ሄደዋል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንጨት እንዲሞቅ ጥቂቱን ማቃጠል አለብህ፤ ለማቃጠል አየር ታስገባለህ፤ አየር ደግሞ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ አይነድም። ጋዙ ውኃ እንደበዛበት ወጥ ይቀጥናል። ሁለተኛው ቅጥራን ነው። የማድ ቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ጥቀርሻ ታውቁታላችሁ? እሱ ነገር ሞተር ውስጥ ሲገባ አስቡት። ጋዙ እንደቀዘቀዘ ቅጥራኑ ይረጋል፣ ቧንቧ ይዘጋል፣ ቫልቭ ያጣብቃል። ብዙ የእንጨት ጋዝ ፕሮጀክቶች የሞቱት በዚህ ነው።

በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኸርማን ሆፍባወር ቡድን ያመጣው መላ እሳቱንና ጋዙን ለያይቶ በሁለት ክፍል ማኖር ነበር። በአንደኛው ክፍል ውስጥ እንጨቱ አየር አይነካውም፤ የሚገባለት የውኃ እንፋሎት ብቻ ነው። በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንፋሎቱና እንጨቱ ተዋህደው በሃይድሮጅንና በካርቦን ሞኖክሳይድ የበለጸገ ጋዝ ይወጣል። ይህ ሂደት ግን ሙቀት ይበላል። ሙቀቱ ከየት ይምጣ? ከአሸዋ! ኦሊቪን የሚባል አረንጓዴ ማዕድን ተፈጭቶ እንደ አሸዋ ሆኖ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሳያቋርጥ ይዞራል። ከጋዝ ክፍሉ ሲወጣ ያልተነነውን ከሰል ይዞ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይገባል፤ እዚያ አየር ይነፋበታል፣ ከሰሉ ይነድዳል፣ አሸዋው ይግላል። የጋለው አሸዋ ተመልሶ ሙቀቱን ለጋዝ ክፍሉ ያስረክባል። ናይትሮጅኑ ከሁለተኛው ክፍል ጭስ ጋር በሌላ በር ይወጣል። ስለዚህ ጋዙ አይቀጥንም። ኦሊቪኑ ደግሞ ለመጓጓዣ ብቻ አልተመረጠም፤ ቅጥራኑን በከፊል እንዲሰባበር ያግዛል።

የተረፈውን ቅጥራን እንዴት አጠቡት? መካኒክ እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በውኃ ሲያጥብ አይታችሁ አታውቁም፤ በናፍጣ ነው። ቅጥራንም በውኃ አይታጠብም፣ ቢታጠብም የቆሸሸውን ውኃ የት ትደፋዋለህ? ጉሲንግ ላይ ጋዙ ከቀዘቀዘና በከረጢት ማጣሪያ ካለፈ በኋላ በባዮዲዝል ይታጠባል፤ ባዮዲዝሉ የሚሠራው የእኛ ጎመንዘር ዘመድ ከሆነው ራፕስ ዘይት ነው። ቅጥራን የጠገበው ባዮዲዝል አይደፋም፤ ተመልሶ ወደሚነደው ክፍል ይገባና ነዳጅ ይሆናል። ንጹሑ ጋዝ ወደ ሞተር ይሄዳል፣ ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ ከተማው ቧንቧ። የሚጣል ቆሻሻ ውኃ የለም። እንዲህ ዓይነት ንድፍ ሳይ ሰው ጥሩ ቼዝ ሲጫወት እንዳየሁ ነው የሚሰማኝ።

ቀልድ የማይመስለው ደግሞ ድፍረቱ ነው። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲው ላይ የነበረው ሙከራ 100 ኪሎ ዋት ገደማ ነበር። ጉሲንግ 8,000 ኪሎ ዋት ናት፤ ሰማንያ እጥፍ። ከላብራቶሪ ወደ ከተማ እንዲህ ዘሎ መግባት ብዙ ፕሮጀክት ገድሏል። እዚህ ግን የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች፣ የግንባታ ድርጅቱና ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች አብረው ችግሩን አንድ በአንድ እየፈቱ ከ10 ዓመት በላይ አሠሩት። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ከዚያው ጋዝ ላይ ትንሽ እየቀነሱ ወደ ሚቴን፣ ማለትም ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዓይነት፣ መለወጥ ሞከሩ። ተሳካ።

ሒሳቡ

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? እርሳስና ወረቀት ያዙ።

ጣቢያው ሲጀመር መንግሥት ለታዳሽ ኤሌክትሪክ ከገበያው በጣም ከፍ ያለ ቋሚ ዋጋ ለተወሰኑ ዓመታት ዋስትና ሰጥቶ ነበር። እንጨትም ርካሽ ነበር፣ ማን ይፈልገዋል? ግን ያው ዋስትና በመላው ኦስትሪያ ነው የተሰጠው። ሌሎች ከተሞችም እንጨት የሚያነድዱ ጣቢያዎች ተከሉ። በፊት መሬት ላይ ይበሰብስ የነበረው ቅርንጫፍ ገዥ በዛለት፣ ዋጋው ወጣ። በአንድ በኩል ደግሞ የኤሌክትሪክ የጅምላ ዋጋ ወረደ፤ በ2016 በጀርመንና በኦስትሪያ ገበያ አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት በአማካይ ወደ 30 ዩሮ ገደማ ነበር የሚሸጠው።

ለልምምድ ያህል ቁጥር እንስጠው። አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ኃይል ያለው እንጨት 20 ዩሮ ነው እንበል፣ ሙቀቱ ደግሞ በ30 ዩሮ ይሸጥ። ጣቢያው በሰዓት 8 ሜጋ ዋት ሰዓት እንጨት ስለሚበላ ለማገዶ ብቻ 160 ዩሮ ያወጣል። የዋስትናው ዋጋ 150 ዩሮ ቢሆን ከኤሌክትሪኩ 300፣ ከሙቀቱ 135 ያገኛል፤ 435 ዩሮ። ደህና ነው፤ ለሠራተኛ፣ ለመለዋወጫ፣ ለባዮዲዝል፣ ለባንክ ዕዳ ይተርፋል። አሁን ዋስትናውን አንሡት። ኤሌክትሪኩ በ30 ዩሮ ሲሸጥ 60 ብቻ ያስገባል። ከሙቀቱ ጋር 195። ከማገዶው ወጪ በላይ የቀረው 35 ዩሮ ነው፤ በዚህ የሌሊት ተረኛ እንኳ አይቀጠርበትም። ሐምሌ ላይ ግማሹ ሙቀት ገዥ ቢያጣ ደግሞ 127 ዩሮ ይገባል፣ 160 ይወጣል። ማሽኑ በሮጠ ቁጥር ከሰረ ማለት ነው።

ጉሲንግ ላይ የሆነው በጥቅሉ ይህ ነው። የዋስትናው ዘመን አበቃ፣ ማገዶው ተወደደ፣ በ2016 ጣቢያው ቆመ። ሙቀቱ አልተቋረጠም፤ ቦይለሮቹ እንጨት ማቃጠላቸውን ቀጠሉ። የቆመው ጋዙ ነው። ተመሳሳይ ቴክኖሎጂ ይዞ በስዊድን ጎተንበርግ 20 ሜጋ ዋት ሚቴን ከእንጨት ያመርት የነበረው ጣቢያም በ2018 ተዘጋ፤ እዚያም ማሽኑ ሠርቶ ነበር፣ ርካሹን የተፈጥሮ ጋዝ ግን በዋጋ አልቻለውም።

ብዙ ጊዜ «ታዳሽ ኃይል» ስንል ፀሐይን፣ ነፋስን፣ ወንዝንና እንጨትን አንድ ከረጢት ውስጥ እንከታቸዋለን። ለሒሳብ ሠራተኛው ግን አንድ አይደሉም። የፀሐይ ፓኔል አንዴ ከተተከለ ፀሐይ ደረሰኝ አትልክም። ባዮማስ ግን በየቀኑ የሚገዛ፣ የሚጫን፣ የሚደርቅ ነገር ነው። ከዚህም በላይ ተንኮለኛ ባሕርይ አለው፤ ስኬታማ በሆነና ሌላው በቀዳው ቁጥር ማገዶው ይወደዳል።

እዚህ ላይ ወንጂን አለማንሳት ይከብደኛል። የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1954 ሥራ ያስጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ እንደ ሌሎች የስኳር ፋብሪካዎች ሁሉ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክን ከአንድ እሳት የሚያወጣ ነበር። አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ባጋስ ቦይለር ውስጥ ይነድዳል፤ እንፋሎቱ መጀመሪያ ኃይል ይሰጣል፣ ቀጥሎ ጭማቂውን ያፈላል። ከጉሲንግ ጋር ሲነጻጸር ቴክኖሎጂው ተራ ነው፤ ጋዝ የለም፣ ኦሊቪን የለም። ግን አገዳው ወደ ፋብሪካው የሚመጣው ለስኳሩ ነው፤ ባጋሱ እግረ መንገዱን እዚያው ደርሷል። ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አይጫረተውም። ሙቀቱን የሚፈልገውም ፋብሪካው ራሱ ነው፣ ደንበኛ ፍለጋ አይዞርም። ለዚህ ነው የስኳር ፋብሪካዎች ያለ ምንም የዋጋ ዋስትና ባጋስ ሲያነድዱ የኖሩት።

የሆፍባወር ተማሪዎችና ባልደረቦችም ሒሳቡን ያዩት ይመስለኛል። በቪየና ሲመሪንግ በተባለው ሰፈር፣ ከቆሻሻ ማቃጠያዎቹ አጠገብ፣ በዚያው ባለ ሁለት ክፍል ንድፍ የተሠራ 1 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ በ2022 ሥራ ጀምሯል። ከሚሞከርበት ማገዶ መካከል የፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭና የፕላስቲክ ቅሪት ይገኙበታል፤ ባለቤቱ እንዲያነሱለት የሚከፍልባቸው ነገሮች።